ጎመኑ ሳይሞት

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ባሮክ ልክ በልክ ወደሚባለው ሱፐርማርኬት የገቡት እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው። ሌላውም ገበያተኛ እንደዚያው ነበር። በሁለት ሺህ ሰማንያዎቹ አዲስ አበባ፣ አትክልት መደብ አጠገብ እጁን ፈትቶ የሚሄድ ሰው ወይ ነገሩ ያልገባው ሕፃን ነው፣ ወይ ዛሬ ከክፍለ ሀገር የደረሰ እንግዳ፤ የነኩትን መውሰድ ግዴታ ነውና። ቲማቲሙን አንድ በአንድ ጨምቆ፣ አቮካዶውን በአውራ ጣት ወግቶ፣ "ኤጭ፣ አልበሰለም" ብሎ ጥሎ መሄድ የድሮ ሰው ጨዋታ ሆኗል። ዛሬ ቲማቲም የነካ ሰው ቲማቲሙን አገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሕዝቡ አንገቱን አስግጎ፣ እጁን ከጀርባው ቆልፎ፣ ፈተና እንደሚቆጣጠር መምህር በመደቦቹ መካከል ይንጎራደዳል።

ከጣሪያው ላይ አንዲት ሴት ሐዘን በነካው ድምፅ ተናገረች፦ "ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ከፊት ለፊታችሁ ባለው መደብ ላይ አንጋፋ ዝኩኒዎች አሉ። እባካችሁ አይታችሁ አትለፏቸው።"

ገበያተኛው ሁሉ ድንገት የጫማውን ክር የሚያይ ሆነ። ሊጠወልግ አንድ ቀን የቀረው አትክልት "አሮጌ" አይባልም፤ ነውር ነው። አንጋፋ ነው የሚባለው። ቀይ ምልክት ይለጠፍበትና ለስለስ ያለ መብራት በርቶለት ይቀመጣል። አጠገቡ ሲያልፉ ጮክ ብሎ መሳቅ አይፈቀድም።

አቶ ባሮክ ግን ዛሬ የጫማቸውን ክር አላዩም። ዛሬ ጉዳይ አላቸው። ቀጥ ብለው ወደ ሆድ አማካሪዋ ሄዱ። ጥሩነሽ ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት። የዘመኑ ወጣት ስሙ ሁሉ እንደዚህ ነው፦ ጥሩነሽ፣ አሰለፈች፣ ሽብሩ። የቅድመ አያት ስም ተመልሶ ፋሽን ሆኗል። ባሮክ፣ ክሩቤል፣ ያፌት የሚባል ሰው ከሰማችሁ ግን ከዘራ የያዘ ሽማግሌ መሆኑን ሳታዩት እወቁ።

"እንደምን አደሩ፣ አቶ ባሮክ" አለች ጥሩነሽ። "የሁለት ሰው ሆድ፣ አባትና ልጅ። ዛሬ የሚገባዎት ሦስት ቲማቲም፣ አንድ ሽንኩርት፣ ሩብ ጥቅል ጎመን ነው።"

"ዛሬ እንግዳ አለብኝ፣ ልጄ" አሉ አቶ ባሮክ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። "ሽማግሌዎች። ልጄን ሊጠይቁኝ ነው የሚመጡት።"

ከኋላቸው ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ እልል አለች። ሌሎቹ "እንኳን ደስ ያለዎት" እያሉ አንገታቸውን ወደፊት አሰገጉ፤ ጥሩነሽ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ያውቃሉና።

"ስንት ናቸው?"

"ሦስት።"

"ይበላሉ?"

"ይበላሉ ወይ! ይሄ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? እኔ ቤት የመጣ እንግዳ መቼ ሳይበላ ሄዶ ያውቃል?"

"ትንሽ፣ መካከለኛ ወይስ ብዙ?"

አሁን እስቲ ፍረዱ፤ ልጁን የሚድር ሰው በአደባባይ፣ ያ ሁሉ ጆሮ ቆሞ እየሰማው፣ "መካከለኛ" ይላል? አቶ ባሮክ በተፈጥሯቸው ቆጥበው የሚበሉ፣ ቆጥበው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአሳንሰር ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ከልክ ያለፈ ጭነት አይወዱም። ይሉኝታ ግን ስንቱን ቁጥብ አባካኝ አድርጎታል።

"ብዙ!" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "እንዲያውም ከብዙም በላይ!"

"ከግምትዎ በላይ ሲወስዱ ከአንጋፋዎቹ ነው የሚያነሡት፤ ደንቡ ነው። ዕድሜያቸው ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። የእንግዶችዎን ሆድ ደግሞ ለዛሬ ከየቤታቸው አንሥቼ እርስዎ ቤት አዛውሬዋለሁ። ከእርስዎ ማዕድ በቀር ሌላ ቦታ አይበሉም ማለት ነው። ተስማምተዋል?"

"ፀሐይ ሳትጠልቅ ድምጥማጡን ያጠፉታል!" አሉ አቶ ባሮክ፣ እጃቸውንም ከጀርባቸው ፈትተው፣ ሕዝብ እያየ፣ ትልቁን አንጋፋ ጥቅል ጎመን በሁለት እጃቸው አቀፉ።

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ቲማቲም፣ ሁሉም ቀይ ምልክት በቀይ ምልክት፤ ጋሪው እስኪንቋቋ ሞላ። አንድ ቀጫጫ ሰውዬ ለዝኩኒዎቹ አዝኖ ነው መሰለኝ "እነሱንም ቢወስዷቸው?" ቢላቸው እነሱንም ጨመሩ።

ፊታቸው የጨለመው በሩ አጠገብ ሲደርሱ ነው። እዚያ የነጠላ ሆዶች ሰልፍ አለ። ብቻውን የሚኖር ሰው ሙሉ ነገር አይሸጥለትም፤ ሙሉ ሽንኩርት ለአንድ ሰው ብዙ ነው፣ ይተርፋል፣ ይበላሻል። ስለዚህ ግማሽ ይሰጠዋል። ግማሽ ሽንኩርት፣ ግማሽ ካሮት፣ ግማሽ ሎሚ። ሌላው ግማሽ ከተማው ውስጥ የሆነ ቦታ ለሚኖር፣ ፈጽሞ ለማያውቀው ሌላ ነጠላ ይሄዳል። አቶ ባሮክ ሲያልፉ ኮት የለበሰ አንድ ትልቅ ሰው ግማሽ ሽንኩርቱን ተቀብሎ፣ የተቆረጠውን ፊት በመሐረብ ሸፍኖ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አቶ ባሮክ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ያላቸው ይህችው አንድ ልጅ ናት፣ አሰለፈች። ሊያገባት የሚፈልገው ሽብሩ ምንም አይወጣለትም፤ ሥራ ያለው፣ ሲያወሩት የሚሰማ፣ ደረጃ ሲወጣ ለሽማግሌ ቆሞ የሚያሳልፍ ልጅ ነው። ይወዱታል። ግን እሷ የወጣች ዕለት አቶ ባሮክ ነጠላ ሆድ ናቸው። በዚያ ሰልፍ መሐረብ ይዘው ሲቆሙ በዓይነ ኅሊናቸው እየታያቸው ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥተዋል። ስለዚህ ለማንም ሳይናገሩ መላ መቱ። ወጉም ይረዳቸዋል፤ ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን "እሺ" አይባልም። "እናስብበት፣ ከዘመድ እንምከርበት" ተብሎ ቀጠሮ ይሰጠዋል። አንዴ ያመላልሳሉ፣ ሁለቴ ያመላልሳሉ፣ በሦስተኛው አክስቷ ታማለች ይላሉ። ከዚያ ጾም ይገባል። ከዚያ ክረምቱ ነው። እግዜር ያውቃል።

ወደ ቤታቸው ሲወጡ አሳንሰሩ ውስጥ ንግግራቸውን ተለማመዱ። "እንግዲህ፣ ነገሩ ከባድ ነው፤ ከዘመድ አዝማድ ጋር መምከር አለብን..." መካከል ላይ ጎረቤታቸው እትዬ ሶልያና ገቡ፤ ጋሪውን አይተው ምራቃቸውን ዋጡ። የእትዬ ሶልያና ቤት ደረቅ ነው። ባለፈው አንድ ራስ ሰላጣ ሳይበሉ ፀሐይ ጠለቀችባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ለዓመት ሽሮ፣ ምስርና መኮሮኒ ብቻ ተፈርዶባቸዋል። አንዲት ቅጠል ደጃቸውን አትረግጥም። አሁን ሎሚ ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

"በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ እንዳይመሽብዎት" አሏቸው።

ማቃመስ ቢቻልማ ኖሮ እዚያው አንድ እስር ቆስጣ በሰጧቸው ነበር። ግን ለጎረቤት ማቀበል ከተከለከለ ቆይቷል። ሰው ሁሉ ሊያመልጠው የፈለገውን ጎመን "እንኩ፣ ቅመሱት" እያለ እያቀባበለ፣ አንድ ጥቅል ጎመን ይህንን ሕንፃ ከላይ እስከ ታች ዞሮ ተመልሶ መጀመሪያ የገዛው ሰው ደጃፍ ላይ ተገኘ። ማቀዝቀዣም የለም። ማቀዝቀዣዎቹ በሙሉ ተለቅመው የተወሰዱት የታችኛው መሳቢያቸው የሰላጣ መቃብር ነው ተብሎ ነው። ያለው በየቤቱ ከማዕዱ በላይ የተንጠለጠለው መብራት ብቻ ነው። የገዛኸውን ስትጨርስ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሰዓቱ ሲቃረብ ቢጫ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሳህን ላይ አንዲት ነገር ካለች ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ ቤቱም ደረቀ ማለት ነው።

አሰለፈች ጋሪውን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አባዬ! ይሄ ሁሉ ለማን ነው?"

"ለሽማግሌዎቹ ነዋ።"

"ሦስት ናቸው አላልከኝም? ደግሞ ሁሉም ቀይ ነው!"

"ይበሉታል። ገደል የሚያህል ሽማግሌ ነው የሚመጣው።"

"እና ዛሬውኑ እሺ ልትላቸው ነው?" አለች ዓይኗ በርቶ።

"በመጀመሪያ ቀን? አብደሻል? ሰው ምን ይለኛል! ልጄ እንደ ዝኩኒ 'እባካችሁ አይታችሁ አትለፏት' እየተባለላት ነው የምትሄደው? ቀጠሮ ሰጥቼ ነው የምመልሳቸው። በደንብ አብልቼ፣ በክብር።"

አሰለፈች አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው። ቆስጣውን ወደ ማጠቢያው ገልብጣ ማጠብ ጀመረች፤ እያንጎራጎረችም ነበር። አቶ ባሮክ ልጃቸው ለምን እንደምታንጎራጉር ሊጠይቋት ይገባ ነበር፤ አልጠየቋትም።

ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ መጡ። ከፊት ጋሽ ክሩቤል፣ የሽብሩ አያት፣ ነጭ በነጭ ለብሰው። ቀጥለው ጋሽ ያፌት፣ አጎትየው፣ ሁሉን ነገር በጥርጣሬ የሚያዩ ሰው። ከኋላ ጋሽ ዮናታን፣ የቤተሰቡ ወዳጅ፣ ሆዳቸው ከሳቸው ቀድሞ የሚገባ። ማዕዱ ተዘርግቷል። አልጫው፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያ በካሮቱ፣ የቲማቲም ሰላጣው፣ ዝኩኒው በሦስት ዓይነት ተሠርቶ፣ ጠረጴዛው እግሩ እስኪንቀጠቀጥ ተጭኗል። አሰለፈች እንደ ወጉ ጓዳ ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋዋለች፤ የምትጠየቅ ልጅ ለሽማግሌ አትታይም።

"እንኳን ደህና መጣችሁ! ኧረ ተቀመጡ! ኧረ እጃችሁን ታጠቡ!" አሉ አቶ ባሮክ።

ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ዮናታን ማዕዱን አይተው ቶሎ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

"አቶ ባሮክ" አሉ ጋሽ ክሩቤል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ልጃችን ሽብሩ ልጅዎን ወዶ፣ እኛም ቤትዎን አክብረን ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል።"

አቶ ባሮክ ይህን ሲጠብቁ ነበር። አቀርቅረው፣ ጺማቸውን ዳበስ አድርገው፣ አሳንሰር ውስጥ የተለማመዱትን አንድ ቃል ሳያስቀሩ አወረዱት። ነገሩ ከባድ ነው። ዘመድ አዝማድ አለ። እናስብበት። የዛሬ ሳምንት ብትመለሱ። ሽማግሌዎቹ በየመካከሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ብሏቸዋል፤ እንዲህ ያለ በወግ የሚያመላልስ አባት ከጠፋ ስንት ዘመኑ።

"በሉ አሁን ወደ ማዕዱ ቅረቡ" አሉ አቶ ባሮክ እጃቸውን እያፋተጉ።

"እግዚአብሔር ይስጥልን" አሉ ጋሽ ክሩቤል። "እሺታውን በሰማን ዕለት እንበላለን።"

"ምን አሉ?"

"መልስ ሳይሰማ ሽማግሌ እህል አይቀምስም። ወጉን እርስዎ ያጡታል ብዬ አይደለም።"

አቶ ባሮክ ወጉን አላጡትም ነበር። ቀጠሮ መስጠቱን አስታውሰዋል፤ ማብላቱንም አስታውሰዋል። ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ ነው የዘነጉት። ከማዕዱ በላይ ያለው መብራት ቀስ ብሎ ቢጫ ሆነ።

"ኧረ ትንሽ ቅመሱ! ለዓይን ያህል!"

"አይሆንም።"

"ቆማችሁ! ሳትቀመጡ! ሳትቀመጡ መቅመስ መብላት አይባልም።"

ጋሽ ዮናታን በተስፋ ወደ ጋሽ ክሩቤል ዞሩ። ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም፤ ሆዳቸው ለዛሬ ወደ አቶ ባሮክ ቤት ተዛውሮ የለ። ጋሽ ክሩቤል ግን ንቅንቅ አላሉም። ጋሽ ዮናታን እንደገና ወደ ጣሪያው ቀና አሉ፤ ሆዳቸው ብቻ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ መልስ ሰጠ።

"አንድ አፍታ" ብለው አቶ ባሮክ አንድ ትሪ ዝኩኒ አንሥተው ጓዳ ገቡ። ቆመው ጎረሱ፣ ጎረሱ፣ አንቆ ሊገድላቸው ሲል ውሃ ጠጥተው አፋቸውን ጠርገው ወጡ። "ስልክ ተደውሎልኝ ነው" አሉ። ከዚያ ጎመን ይዘው ገቡ። "አሁንም ስልክ ነው።" ሦስተኛ ጊዜ ሲገቡ ቀበቷቸውን ፈቱት። ማዕዱ ላይ ያለው ግን ገና ተራራ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ተራራ ዘንበል ብላለች።

"አባዬ" አለች አሰለፈች በሹክሹክታ። "ስጠኛ!"

"ዝም በይ! አውቀሽ ነው አይደል ጠዋት ስታንጎራጉሪ የነበረው?"

"ጎመኑ ሊሞት ነው፣ አባዬ። ልንደርቅ ነው። አንተ ያለ ቲማቲም አንድ ቀን አታድርም።"

አቶ ባሮክ የቲማቲም ሰላጣውን በበሩ ክፍተት አዩት። ቃሪያው ተሰንጥቆ ገብቶበት፣ ሎሚው ተጨምቆበት፣ እያብረቀረቀ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሽሮና መኮሮኒ! ነጠላ ሆድ ሆኖ ግማሽ ሽንኩርት ማግኘትም አለ፣ ደረቅ ሆኖ ያንኑ ግማሽ ማጣትም አለ። ቀበቷቸውን አጥብቀው ወጡ።

"ሰጥቻችኋለሁ!" አሉ። "ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። ይዳሩ። ተቀመጡ። ብሉ።"

ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። ተያዩ። ከዚያ ተያይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተው መንሾካሾክ ጀመሩ። ሲመለሱ የቀደሙት ጋሽ ያፌት ናቸው።

"አቶ ባሮክ፣ ይቅርታ ያድርጉልንና፣ ልጅቷ ምን ጉድለት አለባት?"

"ጉድለት?"

"ቅድም 'እናስብበት' አሉን። ሦስቴ ጓዳ ገብተው ወጡ። አሁን ደግሞ ይዛችሁልኝ ሂዱ ነው የሚሉት። በመጀመሪያ ቀን የተሰጠች ልጅ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። እኛ እኮ ሦስቴ ለመመላለስ ተዘጋጅተን ነው የመጣነው። እኔ ለሦስተኛው ቀጠሮ ጋቢ አሠርቻለሁ።"

"ምንም ጉድለት የለባትም!"

"እንግዲያው እኛም እናስብበት" አሉ ጋሽ ያፌት። "ከዘመድ እንምከርበት። የዛሬ ሳምንት..."

"ኧረ በልጆቻችሁ! ያዙልኝ ልጄን!" አሉ አቶ ባሮክ። ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሦስቱም ሽማግሌዎች አንጋጠው አዩት፤ ያን ጊዜ ነው ማዕዱ ሁሉ ቀይ ምልክት እንደነበረ የገባቸው። አቶ ባሮክ ከዚህ በኋላ መደበቅ አልሆነላቸውም። ወንበር ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ።

"ጉድለቱ የኔ ነው" አሉ። "ላመላልሳችሁ ነበር ያሰብኩት። ከዚያም አክስቷ ታማለች ልላችሁ፣ ከዚያም ጾም ገባ ልላችሁ። ሽብሩን ጠልቼ አይደለም፤ የሚጠላ ልጅ አይደለም። እሷ ስትሄድ ነጠላ ሆድ እሆናለሁ። ግማሽ ሽንኩርት ይዤ ወደዚህ ቤት እገባለሁ። ሽንኩርቱ አይደለም የሚያስፈራኝ። ብቻዬን መብላት እፈራለሁ። ይኸው ነው።"

ጋሽ ክሩቤል ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። ከመጡ ጀምሮ ከሽማግሌዎቹ የተቀመጠ ሰው ሲኖር የመጀመሪያው ነው።

"እኔ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ነጠላ ሆድ ነኝ" አሉ። "ልጆቹ ና ከኛ ጋር ኑር ይሉኛል፤ ቤቴን ጥዬ አልሄድም ብዬ። ሁልጊዜ የሚደርሰኝ የሽንኩርቱ የላይኛው ግማሽ ነው። ሥር ያለበት ግማሽ ማን ጋ እንደሚሄድ አላውቅም። አንዳንዴ ስከትፍ፣ 'አንተዬ፣ አንተስ ዛሬ ምን ሠራህበት?' እለዋለሁ። ሰውየውን ማለቴ ነው።"

"ይመልስልዎታል?" አሉ ጋሽ ዮናታን።

"እንዴት አድርጎ ይመልስልኛል? ከተማው ማዶ ያለ ሰው!" ጋሽ ክሩቤል ወደ አቶ ባሮክ ዞሩ። "ስማኝ። ዘመዳሞች ግማሻቸውን አንድ ላይ ማውጣት ይፈቀድላቸዋል። ይህ ጋብቻ ከሆነ ዘመድ ነን። ሙሉ ሽንኩርት እናወጣለን። አንድ ቀን እኔ ቤት ትመጣለህ፣ አንድ ቀን እኔ እመጣለሁ። እኔ ወጥ አልችልም፤ ካሮት ግን ጥሩ አድርጌ እልጣለሁ።"

"አንተ" ያሏቸው ሳይታወቃቸው ነው፤ ማንም አልተቀየመም። አቶ ባሮክ መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ። "ሽንኩርቱን እኔ እከትፋለሁ" አሉ። "ለማልቀስ ሰበብ ይሆነኛል።"

"ይሄ ጥሩ" አሉ ጋሽ ያፌት፣ "የልጅቷ ጉድለት ግን ገና አልተነገረንም።"

"ያፌት፣ እባክህ እየበላን እንስማው!" ብለው ጮኹ ጋሽ ዮናታን።

ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው አበላል ለዓይን የሚከብድ ነው። ጋሽ ዮናታን አልጫውን ለብቻቸው ጨረሱት ማለት ይቻላል። ጋሽ ክሩቤል በቀኝ ጎመን፣ በግራ ቆስጣ ይዘው አልመረጡም። ጋሽ ያፌት እየተጠራጠሩ በሉ፤ እያንዳንዱን ፎሶሊያ አገላብጠው አይተው ነበር የሚጎርሱት፣ ግን ይጎርሱ ነበር። አቶ ባሮክ ቅድም ጓዳ ውስጥ የዋጡት ሁሉ ቢኖርም ከቲማቲሙ ጋር ሌላ ሆድ አወጡ። ሳህን ተራ በተራ ባዶ ሆነ። ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ትሪው ተጠርጓል፤ መካከሉ ላይ አንዲት የካሮት ቁራጭ ብቻ ቀርታለች።

አራቱም እጃቸውን ሰበሰቡ።

"እንግዲህ፣ ጋሽ ክሩቤል" አሉ አቶ ባሮክ።

"ኧረ በፍጹም። አንተ ጉረሳት።"

"ባለቤት ሆኜ እንዴት የመጨረሻዋን እጎርሳለሁ? እንግዳ እያለ!"

"ዮናታን፣ በል ወንድሜ።"

"እኔማ አበዛሁ" አሉ ጋሽ ዮናታን፣ ይህን ሲሉ በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። "ያፌት ይጉረሳት።"

"አልነካትም" አሉ ጋሽ ያፌት። "የመጨረሻ ነገር እኔ አነሣሁ ሊባል ነው?"

መብራቱ ያለማቋረጥ ይርገበገባል። "በሞቴ!" "እኔ ልሙት!" "ኧረ እኔ ቀድሜ ልሙት!" ትሪውን ወደ አንዱ ሲገፉት ያኛው ወደዚህኛው ይገፋዋል፤ ካሮቷ ከጥግ ጥግ ትንሸራተታለች። ያንን ሁሉ ተራራ የናዱ አራት ትላልቅ ሰዎች አንዲት ጣት የማታህል ካሮት ፊት ላብ በላብ ሆኑ። ከፀሐይዋ ላይ የቀረው የጥፍር ያህል ነው። አቶ ባሮክ ሊያለቅሱ ደርሰዋል፤ ግን እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። እንግዳ ፊት የመጨረሻዋን ጉርሻ ማንሣት ከሞት ይብሳል።

የጓዳው በር ብርግድ አለ። አሰለፈች እጅጌዋን እንደሰበሰበች፣ ሽርጧን እንደታጠቀች መጥታ፣ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሣች፣ ካሮቷን አነሣች፣ ቆማ ሁለቴ አኝካ ዋጠቻት።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት መውጣቷ አንድ ነገር ነው፤ የመጨረሻዋን ጉርሻ ከሽማግሌ ትሪ ላይ አንሥታ ቆማ መብላቷ ሌላ። አቶ ባሮክ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

"አሁን ጉድለቷን አየነው" አሉ ጋሽ ያፌት ቀስ ብለው። "ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባትም።"

አሰለፈች እጇን በሽርጧ ጠረገች። ጋሽ ያፌት መብራቱን አዩት፤ ባዶውን ትሪ አዩት፤ መጨረሻ ላይ እሷን አዩ።

"እንወስዳታለን" አሉ። "ባለፈው ዓመት የኔ ቤት የደረቀው እንደሷ ያለ አንድ ሰው ጠፍቶ ነው።"